አክስቴ «ላስብበት» ያለች ቀን

ትናንት ሆሳዕና ከተማ በማስተምርበት ክፍል ስለ ጋብቻ እያብራራሁ ነበር። በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ወይም በባህል ሊፈጸም ይችላል፤ ሦስቱም በሕግ የጸኑ ናቸው፤ ሦስቱም ግን የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃሉ። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ያልተጠየቀች ሴትስ?»

ቾኩን አስቀመጥኩ። አክስቴ ወርቅነሽ ትዝ አለችኝ።

ከዓመታት በፊት ቦኖሻ በምትባል ትንሽ ከተማ አዲስ አስተማሪ ሆኜ እሷ ቤት ነበር የምኖረው። ባሏ ጋሽ ሄራሞ የጥበቃ ሥራውን ጨርሶ ጡረታ ሊወጣ ነው። እሱ ቀድሞ ቢያርፍ ጡረታው ለእሷ እንዲደርስ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል፤ እነሱ ደግሞ በሽማግሌ ተጋብተው የትም አልተመዘገቡም። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እራት በቀረበ ቁጥር «እናስመዝግበው» እያልኩ ቆጮውን አቀዘቀዝኩባቸው።

በየደጃፉ የተሰጣው በርበሬ አፍንጫ በሚያቃጥልበት ወር፣ ምስክሮች ይዘን ቀበሌ ሄድን። የክብር መዝገብ ሹሟ ወጣት ናት።

«እማማ፣ ያገቡት በፈቃድዎ ነበር?»

«አልነበረም፤ ማን ጠየቀኝ?» አለች አክስቴ።

ሹሟ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሳች። «አክስቴ፣ አዎ በያ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ተማሪዎችህን እውነት ተናገሩ አይደል የምትለው?»

«አሁንስ ይፈቅዳሉ?» አለች ሹሟ ቶሎ ብላ።

«አሁንማ ሌላ ነው። ግን ልጄ፣ እሱ እያለ አንቺ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ጋሽ ሄራሞ ኮፍያውን አወለቀ። «በል እንጂ ሙሽራው» አሉ ምስክሮቹ። በሃዲይኛ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«ጮክ በል፤ ምስክሮቹ ይስሙ» አለችው።

«ወርቅነሽ፣ ታገቢኛለሽ?»

ነጠላዋን አስተካከለች። «ላስብበት» ብላ ወጥታ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ሄራሞ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ቆመ፤ እንዲያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ሹሟ ለምሳ ልትወጣ ቦርሳዋን ስታነሳ አክስቴ ተመለሰች።

«እሺ ብያለሁ። ጻፊ።»

ማታ ለምን እንዳስጨነቀችን ጠየቅኋት። «እሺ እስክል ሲጠብቀኝ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው» አለችኝ።

እስከዚያ ቀን ፈቃድ ማለት «አዎ» የሚለው ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ይህን ለክፍሉ ተርኬ ስጨርስ ያቺ ተማሪ እጇን ደግማ አወጣች። «ቲቸር፣ ተመልሳ ባትገባስ ኖሮ?»

«እዚያው በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር» አልኳት፤ «ማንም ሊያስነሳት አይችልም።»