የዓለምዘርፍ ከላይ ትጀምራለች

የወንድሜን የአበረን ሚስት የዓለምዘርፍን ዝምታ የሚባል ነገር ሲያልፍም አይነካትም። አባቷ በይጁቤ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ተማሪው የግዕዙን ግስ በዜማ ሲያወርድ ከአጥር ጀርባ ሰምታ ሁሉንም በቃሏ ይዛዋለች።

ጣሊያን አገሩን በያዘ ጊዜ ከሱዳን ስደት እንግሊዝኛ ለምዶ የተመለሰ ውበቱ የሚባል ጎረምሳ አርበኛ እግሩን ቆስሎ እኛ ጓዳ ከረመ። ቁስሉን እያጠበች «እስኪ የእንግሊዙን ግስ አስተምረኝ» አለችው። ከዚያማ ማን ችሏት! እንደ አባቷ ተማሪዎች እያዜመች «ጊቭ፣ ጌቭ፣ ጊቭን!» ስትል ጥጥ ስንፈትል ጆሮዬን አደነቆረችው። «ቴክ»ንና «ብሪንግ»ን፣ መውሰድንና ማምጣትን፣ ግን ታምታታ ነበር። መላ አገኘችለት፤ ባዶ እንስራ ይዛ ወደ ምንጭ ስትወርድ «ቴክ»፣ ሞልታ ወደ ቤት ስትመለስ «ብሪንግ»።

«አንቺ ሴት፣ ጤናሽ ነው?» እላታለሁ።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ወጥቶ እንግሊዝ በገባ ማግስት ወንድሜ ተያዘ። «በበቅሎው ለጣሊያን ጥይት ጭኗል፤ ባንዳ ነው» ተባለ። አዎ ጭኗል፣ ተገዶ! ግን መንገድ ላይ እየሰረቀ ለአርበኛው ለአንሙት ነበር የሚያደርሰው። አንሙት ራሱ በእንግሊዙ መኮንን ቢሮ በር ላይ ቆሞ «የእኛ ሰው ነው!» እያለ በአማርኛ ይጮሃል፤ መኮንኑ ቋንቋውን አይሰማ፣ አስተርጓሚውም ውበቱም ከጦሩ ጋር ሄደዋል። እስረኞቹን ወደ ሩቅ ወህኒ የሚወስደው መኪና ደጅ ቆሟል።

የዓለምዘርፍ ዘበኛውን ገፍትራ ገባች። መኮንኑ ፊት ቀጥ ብላ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና በዜማ ጀመረች፦ «ስቲል፣ ስቶል፣ ስቶለን!»

ጉዴ ፈላ! ወታደሮቹ በሳቅ ፍርስ አሉ። ለካ ግሱን ከላይ ካልጀመረች የምትፈልገው አይመጣላትም! በአባቷ ቤት ከመካከል መዝለል የለማ። ሳቁን ከምንም ሳትቆጥር አበረን እያመለከተች «ሂ ስቶል ቡሌት!» አለች፤ ጥይቱን ሰረቀ ማለቷ ነው። ቀጥላ «ብሪንግ፣ ብሮት» እያለች፣ እንስራ እንዳዘለች ሁሉ ጎንበስ ብላ ወደ በሩ ሄደች። አንሙትን በነጠላው ጎትታ አስገባችውና «ሂ ብሮት ቱ አንሙት!» አለች፤ ለአንሙት አመጣለት ማለቷ ነው።

አንሙት የታሰረውን ወንድሜን አቅፎ ትከሻውን ሳመው። ሳቁ ቆመ። መኮንኑ ሁለቱን አየ፣ እሷን አየ፤ ከወንበሩም ተነሳ።

የዓለምዘርፍ እጇን ዘረጋች። «ጊቭ፣ ጌቭ፣ ጊቭን… ጊቭ ሚ ማይ ሃዝባንድ!»

ባሌን ስጠኝ ማለቷ ነው። ሰጣት! እነዚያ ሲስቁባት የነበሩት ወታደሮች ዜማዋን እየተቀበሉ እስከ ደጅ ሸኙን፤ እኔም እልልታዬን አቀለጥኩት።

የይጁቤን መንገድ ስንጀምር ግን፣ ተአምር ነው፣ የዓለምዘርፍ ዝም አለች። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ስለዚህ እኔ «ጊቭ» ብዬ ጀመርኩላት።

«ጌቭ» አለ አበረ።