ድሬሰር ሽባባው ያፈረበት ቃል

ሽባባው ዳንግላ ክሊኒክ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አጣቢና መድኃኒት ሰጪ፣ ሆኖ የተመደበው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሲማር ሰውነት ስለሚያስወጣው ነገር ብዙ ቃል አጥንቷል፤ የሽንት መታገት፣ የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥ። ደብተር ላይ ሲጽፋቸው ምንም አይመስሉትም። ሽማግሌ ፊት ግን "ሰገራ" ማለት ያሳፍረው ነበር። ስለዚህ አገሬው እንደሚለው "ሜዳ ወጥተዋል?" ብሎ ይጠይቃል። ሁሉም ይገባዋል፣ ማንም አያፍርም።

ነሐሴ ላይ አያ አዝመራው የሚባሉ ገበሬ ከእንጅባራ በጭነት መኪና መጡ። ይዛቸው የመጣችው የልጃቸው ሚስት በቀለች ናት። ሆዳቸው ተነፍቶ ቆዳው ያብረቀርቃል።

"ሜዳ ወጥተዋል?" አላቸው።

አማርኛ ስለማይሰሙ በቀለች በአገውኛ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሦስት ጣት አነሡና ጥቂት ተናገሩ።

"ሦስት ጊዜ ወጥተዋል" አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ሽባባው "ሰገራ፦ ሦስት ጊዜ" ብሎ መዝገቡ ላይ አሰፈረ። የቁርጠት ክኒን ሰጥቶ አሰናበታቸው። ያመጣቸው መኪና ሆስፒታል ወዳለበት ከተማ ጉዞውን ቀጠለ።

በሳምንቱ በቀለች ጥቁር ለብሳ የተረፈውን ክኒን ልትመልስ መጣች።

"አረፉ" አለችው። "ሜዳ ይወጣሉ፣ እንዲሁ ይመለሳሉ። ምንም አልወጣላቸውም ነበር።"

አንጀታቸው ተቋጥሮ እንደነበር ያኔ ገባው። በጊዜ ቢልካቸው ምናልባት በቀዶ ጥገና ይድኑ ነበር። ክኒኑን ተቀበላት።

ከዚያ ወዲያ አያ አዝመራው ይመጡ ጀመር። በጠራራ ፀሐይ፣ ከሕመምተኛው ሁሉ ኋላ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሽባባው ቀና ሲል ያያቸዋል፤ ተራቸው ሲደርስ ግን ቦታው ባዶ ነው። ያን ጊዜ ከፊቱ ያለውን ሰው፣ ቄስም ይሁን ባላባት፣ "ሰገራ ወጣልዎት? ፈስ ይወጣል?" ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ባለጌው ድሬሰር አሉት።

በአራተኛው ዓመት እንጅባራ ሄዶ በቀለችን ቤቷ አገኛት። መዝገቡ ላይ የጻፈውን ሳይደብቅ ነገራት። እሷም የራሷን ነገረችው።

"አባባ ያን ቀን ያሉት 'ሦስት ጊዜ ወጣሁ፣ ምንም የለም' ነው። እኔ ምራት ነኝ። የኋለኛውን ካፌ ማውጣት አፈርኩ። እርስዎ ሐኪም አይደሉ፣ ያውቁታል ብዬ ተውኩት። ለባሌ እንኳ አልነገርኩም።"

"እኔ ጋ ይመጣሉ" አላት ሽባባው።

"እኔም ጋ ይመጣሉ። ሜዳ ሲወጡ ደግፌያቸው ሄጄ ፊቴን አዙሬ እቆም ነበር። ዛሬም ከኋላዬ ሲያምጡ እሰማለሁ።"



"የሰገራውን ቃል በአገውኛ ንገሪኝ" አላት በመጨረሻ። "ሁሉንም፣ ነውር የሚባለውንም።"

በቀለች ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀስ እያለች አንድ በአንድ ነገረችው፤ እሱም አፉ እስኪለምደው ድረስ ደጋገመው።