ድዱን ጫን አድርጊው

ታላቅ ወንድሜ የእንስሳት ሐኪም ነው። በየቢሮው ደጅ ጠንቶ ጠንቶ ሌላ ክልል ሥራ ሲያገኝ፣ ቤት ያከራዩት ሰውዬ «እንስሳ የሚባል ነገር ግቢዬ ድርሽ እንዳይል!» አሉት። ሐኪሙን ፈቅደው ታካሚውን መከልከላቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሥራ ሦስት ዓመት አብሮት የኖረውን ውሻ እኔ ጋ ትቶ ሄደ።

የአዲሱ ክልል የሙያ ፈቃድ በወጣለት ሳምንት ውሻው እህል አልቀምስ አለ። ስደውልለት ወንድሜ ክሊኒክ ውስጥ ነበር፤ የሰው ድመት አጠገቡ ትጮኻለች።

«ከንፈሩን ገልጠሽ ድዱን በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊና ልቀቂው» አለኝ። «ነጭ ይሆናል። ቀዩ እስኪመለስ ቁጠሪ። ጤነኛ ከሆነ ሁለት ሳትይ ይመለሳል።»

ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። አምስት ስደርስም ቀዩ አልተመለሰም።

«ምን ላድርግለት ታዲያ?»

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊለት።»

አደረግኩለት። ምን እንዳለው አልሰማሁም። ውሻው ግን ጭራውን አንዴ ወለሉ ላይ መታና፣ የመጣ መስሎት አንገቱን ወደ በሩ አዞረ።