ተርፎን የሸጥነው ቅቤ

ትናንት ምሳ ላይ ስልኬ ጮኸ። የባንኩ መልእክት ነው፤ የዚህ ወር የቤት ብድር ክፍያ አልገባም ይላል። መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፣ ቡታጅራ ገበያ ቅቤው እሳት ሆኗል፣ እኔ ደግሞ ለባንኩ የያዝኩትን ገንዘብ ለልጆቹ መመዝገቢያ አውዬዋለሁ። ባለቤቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ቆጮውን ይቆርሳል። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩና ማነው ሲለኝ የእቁብ ሰብሳቢዋ ናት አልኩት። ውሸቱ እንዴት ቀለለኝ! ከእማዬ የተማርኩት መሰለኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ዓመት ነው። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ቤታችንን ለባንክ አስይዞ ተበደረና ሦስት የስፌት መኪና ገዛ። ምን ያደርጋል፣ ወዲያው ኑሮ ተወደደ፣ ሰዉም ማሰፋቱን ትቶ ልባሽ ጨርቅ መግዛት ጀመረ። ሁለት ወር ሳይከፍል ቀረ። በሦስተኛው፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ቤቱ ለሐራጅ ይወጣል የሚል ደብዳቤ መጣ። አባዬ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ስለ እንግዶቹ መጨነቅ ያዘ። አጎቴ ከነቤተሰቡ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ ጉራጌ ደግሞ በመስቀል ጎድሎበት አይታይም። እልኸኛ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።

እማዬ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ዉጆ ነበራት። በየሳምንቱ ሁሉም እኩል ቅቤ ያዋጣሉ፣ አንዷ በተራ ትወስዳለች። ተራዋ ለመስቀል እንዲደርሳት ስንቱን ለምና ነበር፣ ደረሳት። ያንን ቅቤ ነው እንግዲህ በኮባ ጠቅልለን ራቅ ወዳለው እንሴኖ ገበያ የወሰድነው፤ ቡታጅራ ገበያ ብንሸጠው የዉጆው ሴቶች ያዩናል። ዝናቡ ገና አልወጣም፣ ገበያው ጭቃ በጭቃ ነው። በሀፍረት ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ነበር።

ቅቤ ነጋዴው ሸምገል ያሉ የመስቃን ሙስሊም ነበሩ። ቆንጠር አድርገው አሸተቱት።

«መስቀል ደርሶ ሳለ የመስቀል ቅቤ ይሸጣል እንዴ፣ እህቴ?»

«ተርፎን ነው» አለች እማዬ።

ቀና ብለው አዩዋት። የጠራችውን ዋጋ ሳይከራከሩ ከፈሏትና አላህ ያግራላችሁ ብለው መረቁን። ከዚያ ቀጥታ ወደ ባንክ ሄድን። አባዬን እቁብ ደረሰኝ አለችው። እኔን ግን መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ አስጠንቅቃኝ ነበር፣ አባትሽ እንዳይሰማ፣ ይሰበራል ብላ።

በመስቀል ቀን ያስቀረቻትን እፍኝ የማትሞላ ቅቤ በሚረጋ ዘይት አበዛቻት፤ ኮረሪማውንና ሚጥሚጣውን ከወትሮው አብልጣ ጨመረች። ክትፎው በጣባ ቀረበ። የአጎቴ ሚስት አንዴ ጎርሳ ወደ አይቡና ጎመኑ ዞረች። አባዬም ጎረሰ። ማላመጡን ለአፍታ አቆመ። እማዬን አየት አደረጋትና «ለኔ ጨምሪልኝ» አላት። ጣባውን ጠርጎ በላ።

ቤቱ ተረፈ፣ ብድሩም ከዓመታት በኋላ አለቀ። ስለዚያ ክትፎ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም። እማዬ ካረፈች በኋላ አንድ ቀን አባዬን ደፍሬ ጠየቅሁት። የሚሰፋውን ሱሪ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እንደቀመስኩት አወቅሁ» አለኝ። «ብትነግረኝ እኮ እንግዳውን አስቀርቼ ቆጯችንን በጎመን እንበላ ነበር። ምን ያህል ብትፈራኝ ነው?»

አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሁለቱም እየተሳሰቡ ለየብቻቸው ተቃጠሉ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትናንት ባለቤቴ እጁን ታጥቦ ሲመለስ ስልኩን ገልብጬ ወደ እሱ ገፋሁለት። አነበበው። ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አሁንም አናውቅም።

«ስንት ቀን አለን?» አለኝ።

«አስር።»

ወንበሩን ሳበና ከጎኔ ተቀመጠ።