አማርኛ እንደማውቅ የሚያስረዳ ወረቀት

ባለቤቴ ሻንጣውን በሲባጎ ማሰር የጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። «ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ይነሳል» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

መኪናው ስደተኞችን ከካምፓላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰፈራ ጣቢያው የሚወስድ ነው። እዚያ ቁራሽ መሬት ይሰጣሉ፣ በቆሎ ይሰፍራሉ፣ የቤት ኪራይ የሚባል ነገር የለም። በፈረንጆቹ 2021፣ በኮሮና ምክንያት ከተማው ለሁለተኛ ጊዜ ሲዘጋ፣ እኔ ሽንኩርት የምከትፍበት ምግብ ቤት ተዘጋ፤ የእሱም የጫማ ንግድ ቆመ። ኪሰንዪ ሰፈር ያለችውን አንድ ክፍላችንን ልንለቅ ነው። እኔ ግን እዚያ ከገባሁ እንደማልወጣ ልቤ ያውቀዋል። አዲስ አበባ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። በቆሎ መኮትኮት ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ የቀረችኝን አንዲት ሙያ ቀብሬ መሄዱ ነው ያንገበገበኝ።

እዚሁ ካምፓላ፣ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት የአማርኛ አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ አመሻሽ ላይ ነው። «ከተሳካልሽ እንቀራለን፤ ካልተሳካ ግን፣ አንቺ ሴትዮ፣ አታስለምኚኝ» ብሎኛል ባለቤቴ።

ቅጹን መጀመሪያ ከሁለት ሳምንት በፊት በስልኬ ሞላሁት። ስም፣ ትምህርት፣ የሥራ ልምድ። ከዚያ «የአማርኛ ችሎታሽ ምን ያህል ነው?» ይላል፤ እጅግ በጣም ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ። «ጥሩ» አልኩ። ታዲያ ምን ልበል? አባቴ «ሌላ ያመስግንሽ እንጂ አንቺ ዝም በይ» እያለ ነው ያሳደገኝ። ትችያለሽ ወይ ሲሉኝ እንኳ «እሞክራለሁ» ነው የምለው፤ በደንብ የምችለውን ጭምር።

ከሳምንት በኋላ ጠሩኝና ያንኑ ቅጽ በእጅ ሙዪ አሉኝ። የስልኩ ለዋናው ቢሮ ነው፣ የእጁ ደግሞ ለፕሮግራሙ ነው አሉ። ሞላሁ። የስደተኛ መታወቂያዬን ኮፒ ሰጠሁ። ኮፒው በጠበቃ ይረጋገጥ አሉ፤ አስረጋገጥኩ። የምኖርበትን የሚያስረዳ ደብዳቤ ከኤልሲ ቼርማኑ፣ ማለት እንደኛ ቀበሌ ሊቀመንበር ከሆነው ሰው፣ አምጪ አሉ። ቼርማኑ ገጠር ለቅሶ ሄዷል። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አገኘሁት፤ ማህተሙን ከመምታቱ በፊት ጎረቤቱ መሆኔን እኔኑ ጠይቆ አረጋገጠ። ሐሙስ ይዤ ስሄድ፣ የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ «ማዳም፣ ቅጹ ላይ ቀኑ አልፎበታል፤ እንደገና ይሙሉት» አለኝ። አዲስ ቅጽ ሰጠኝ። እግዚኦ! ቀኑ ያለፈበት እነሱ ሲያመላልሱኝ ነው እኮ!

ያን ቅጽ የተዘጋችው ምግብ ቤት በር ላይ ተቀምጬ ስሞላ አሠሪዬ አዩኝ። ካምፓላ ያረጁ፣ ምላሳቸው እንደ ሚጥሚጣ የሆነ ሴትዮ ናቸው።

«እዚህ ጋ ምን አልሽ?» አሉ ጣታቸውን አሳርፈው።

«ጥሩ።»

«ኧረ አንቺ ጅል! አስተማሪዋ ‹ጥሩ› ካለች እኔ ምን ልበል? እዚህ አገር ራስሽን ዝቅ ካደረግሽ አምነውሽ ነው የሚያልፉት። ‹እጅግ በጣም ጥሩ› በይ!»

ፊቴ እየጋለ ጻፍኩት። ነውር እንደሠራ ሰው ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት።

ዓርብ ከሰዓት የድርጅቱ በር ላይ እጄን ታጠብኩ፣ ዘበኞቹ ሙቀቴን ለኩኝ፣ ገባሁ። ሠራተኛው ከስልክ የታተመውን ጨምሮ ሦስቱን ቅጾች ጎን ለጎን ደረደራቸው። ጭምብሉን ከፍ አደረገ፣ ዝቅ አደረገ።

«ማዳም፣ ሁለቱ ላይ ጥሩ ይላል። ሦስተኛው ላይ እጅግ በጣም ጥሩ። የትኛው ነው እውነቱ?»

«ሦስተኛው።»

«በሁለት ሳምንት ውስጥ ተሻሻሉ?»

ጨዋ ልጅ ነው፤ እያሾፈ አልነበረም። ይሄ ነው ያበሸቀኝ። «አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው!» አልኩት። ጩኸቴ ለእኔም ተሰማኝ። የማስተማሪያ ዲፕሎማዬ ኮፒ ፋይሉ ውስጥ አለ፤ አማርኛ ይላል። እሱ ግን ዲፕሎማው ስለማስተማር እንጂ ስለመናገር አይደለም አለ። በቅጾቹ መካከል ልዩነት ከተገኘ አማርኛ እንደማውቅ የሚያስረዳ፣ ማህተም ያለው ወረቀት ያስፈልጋል አለኝ።

«ከየት ነው የማመጣው?»

«ከኤምባሲያችሁ።»

እኔ ከአገሬ ሸሽቼ የወጣሁ፣ አገሬ ልመለስ አልችልም ብዬ ፈርሜ መታወቂያ የያዝኩ ሰው ነኝ። ኤምባሲው በር ላይ ከታየሁ መታወቂያውን የሰጡኝ ሰዎች «ታዲያ ምን ትፈሪያለሽ?» ይሉኛል፤ መታወቂያዬም ጉድ ይፈላበታል። ይህንን ሁሉ ሠራተኛው ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። ቢሆንም ሦስቱን ቅጾች ሰብስቦ ፋይሌ ውስጥ መለሳቸው።

ልነሳ ስል አንዲት አማካሪ ከውስጥ ወጣች። ድንበር ተሻግራ ገና መግባቷ የሆነች ሴት ውስጥ አለች፣ ታለቅሳለች፣ አማርኛዋን የሚረዳ የለም። «ለአንድ አፍታ ያግዙን» አለችኝ። እንቢ ማለት አማረኝ። ማህተም የለኝም ልላት ነበር። ግን ሴትየዋ በበሩ ክፍተት አየችኝና «እናቴ፣ ሐበሻ ነሽ?» አለች። ገባሁ።

አፍታው ብዙ ቆየ። በዱላ የተመታ ጎኗን፣ መንገድ ላይ የጠፋባትን ወንድሟን፣ ሁሉንም ቃል በቃል አሻገርኩ። ሴትየዋ ስትንተባተብ ጠበቅኳት፤ አማካሪዋ ስትቸኩል አስቆምኳት። ሲያልቅ አማካሪዋ አንድ ወረቀት አስፈረመችኝ፤ አስተርጓሚዋ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በትክክል ተርጉማለች የሚል። ከፊርማዬ ጎን የራሷን ፊርማ አኖረች፣ የድርጅቱን ማህተም መታችበት።

ማህተሙን አየሁት። ደሜ ሲሞቅ ተሰማኝ።

«ኮፒ ስጭኝ» አልኳት።

«ለምን?»

«አማርኛ እንደማውቅ ማስረጃ ነው!»

የሴትየዋን ስም ሸፍና ኮፒ አደረገችልኝ። ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አኖርኩለት። አነበበ። እንደገና አነበበ። ኮምፒውተሩ ላይ እንደሚታየው የመዝጊያው ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከፋይሌ ጋር በስቴፕለር መታውና «ሰኞ ወይም ማክሰኞ ይደወላል፤ ቃል ግን አልገባም» አለኝ።

ዓርብ ማታ ስገባ ባለቤቴ ተኝቶ ነበር፤ ቅዳሜ ማለዳ ስነሳ በሩ ላይ ሻንጣዎቹን ደርድሮ ጠበቀኝ። የመኪናው ጥሩምባ ከመንገዱ ይሰማል።

«ቀጠሩሽ?»

«ይደውላሉ።»

«የሚቀጥሩሽ ይመስልሻል?»

እንግዲህ እግዜር ያውቃል ልል ነበር፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያልኩት እሱን ነው። ሻንጣዎቹን አየሁ።

«በዚህ ከተማ ከእኔ የተሻለ አያገኙም» አልኩት።

አፉን ከፍቶ አየኝ። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ስል ሰምቶ አያውቅም። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ባለቤቴ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲባጎውን መፍታት ጀመረ፤ አጥብቆ ነበር ያሰረው፣ ጥፍሩ እስኪቆስል ታገለው።

ማክሰኞ ደወሉ። በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ፣ ስትመጪ ግን የቼርማኑን ደብዳቤ በአዲስ ቀን አሳድሰሽ አምጪ አሉኝ። ባለቤቴ ከእኔ ቀድሞ ጫማውን አጠለቀና ቼርማኑን ፍለጋ ወጣ።