«ወረደ!» ያልኩበት በረዶ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቀጨኔ ላይ በረዶ ጣለ። ቆርቆሮው ጸጥ ከማለቱ አንዲት ወጣት መሰላል ተሸክማ በሬን አንኳኳችና «እማማ፣ በረዶ እንጠርጋለን፤ ለቤትም ለሱቅም» አለችኝ። ሳቄ መጣ። ሥራው የእኔ ነበር እኮ! ዛሬ ጉልበቴን አይታችሁ አትፍረዱብኝ።

ያኔ ከታላቅ ወንድሜ ከግርማ ጋር ነበር የምሠራው። ክረምት ሲገባ ከቀጨኔ እስከ አዲሱ ገበያ እንዞራለን። ጣሪያ ላይ የተከመረ በረዶ የአሸንዳውን አፍ ይደፍነዋል፤ ሲሟሟ ውሃው ወደ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ሳይሟሟ መግፋት ነው። አካፋ ቆርቆሮ ይበሳል፤ እኛ ረጅም እንጨት ላይ ጣውላ መትተን እንገፋበታለን። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ደስ ይለኝ ነበር፤ እጄ በብርድ ሲደነዝዝ ከታች የትኩስ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ወጣች ብሎ ሰፈሩ ያላለው የለም፤ በረዶ ሲጥል ግን የሚያስጠራው እኔኑ ነው። ከመግፋቴ በፊት፣ ከታች ያለ ሰው ዞር እንዲል «ወረደ!» ብዬ እጮሃለሁ።

አንድ የነሐሴ ቀን እትዬ ባፈና አስጠሩን። ሸክላ ሠሪ ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ገበያ የሠሯቸው ድስቶች ገና እሳት ሳያዩ ቤት ውስጥ ተደርድረዋል፤ ጣሪያው ደግሞ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ጥሬ ሸክላ ውሃ ካገኘው ጭቃ ነው። በዓላቸው በሙሉ በእኔ እጅ ወደቀ፤ ፈራሁ። ግርማ መሰላሉን ያዘልኝ፤ ወጣሁ። ክምሩን በጓሮ በኩል ሰብስቤ «ወረደ!» ብዬ መግፋት ጀመርኩ፤ ክምሩ ግን ከብዶ ቶሎ አልነቃነቅ አለኝ።

እትዬ ባፈና ለካ ቤት ውስጥ ሆነው ሲሰሙኝ፣ በረዶው ወርዶ ያለቀ መስሏቸው ድስቶቹን ከሚያንጠባጥበው ቤት ወደ ጓሮ ማውጣት ጀምረዋል። ምን ይፈረድባቸዋል? ገና ጫማችንን ሳናስር «መጣሁ» የምንል ሰዎች ነን። እሳቸው ሌላ ሊያመጡ ሲመለሱ ክምሩ ወረደ። ስድስት ድስት ጠፈጠፈ።

እያለቀስኩ ወረድኩ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጮኼ ነበር እኮ...»

ድስቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ለቀቁት። «ሰምቼሻለሁ! ወረደ አልሽ፤ ይኸው ወረደ። ምን ዋሸሽ? በይ፣ ያልተተኮሰ ሸክላ መልሶ ይቦካል። እጅሽን ታጠቢና ነይ።»

ጣሪያው ስለተጠረገ ቤት ውስጥ የቀሩት ተረፉ። የተጠፈጠፉትን ደግሞ ከእሳቸው ጋር አቡክተን፣ እሳቸው እንደገና ሠርተዋቸው፣ ምድጃ ዳር አድርቀንና ተኩሰን ለገበያው አደረስናቸው። ጓሮ ከወጡት አንዷ ድስት ብቻ ሳትፈርስ ትከሻዋ በበረዶ ተበሳስቶ ነበር። እትዬ ባፈና ሳያስተካክሏት ተኮሷትና «ይቺ ያንቺ ናት» ብለው ሰጡኝ።

ትናንትም ሽሮዬ በእሷው ይንተከተክ ነበር። ልጅቷ ጣሪያው ላይ ወጥታ «ወረደ!» ስትል ከማድ ቤት ብቅ አልኩና «ልጄ፣ ‹ሊወርድ ነው› በይ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ እማማ! ሊወርድ ነው!»

ድስቴ ትከሻ ላይ ያሉትን ጉድጓዶች በጣቴ እየዳበስኩ ብቻዬን ሳቅሁ። እትዬ ባፈና በሕይወት ኖረው ቢሰሙን «አሁን ገና አማርኛ ቻላችሁ» ይሉን ነበር።