ተራ ቁጥር ሦስት

በጥብቅና ሥራዬ ከጻፍኳቸው ሰነዶች ሁሉ አብልጬ የምኮራበት አንድ የእርቅ ስምምነት ነበር። ሰነዱ አሁንም አለ፤ ኩራቱ ነው የሌለው።

ደንበኛዬ ኮምቦልቻ ውስጥ ጎማ የሚጠግኑ፣ ስድሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። ፈቃድ የሚባል ነገር ይወዳሉ። የንግድ ፈቃዳቸው በመስታወት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ዛሬ ማንም የማይጠይቀውን የድሮ የቴሌቪዥን ፈቃድ እንኳ በፌስታል ጠቅልለው አስቀምጠዋል። ፈቃድ ያልነበረው ሽጉጣቸው ብቻ ነው። እሱን የገዙት በጦርነቱ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ መሣሪያ ሲያፈላልግ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው፣ በርና መስኮት የሚበይድ ወጣት፣ ከጣራዎት የሚወርደው ውሃ ብረቴን አዛገብኝ ብሎ ተጣላቸው። ከራሳቸው ደጃፍ የጎማ መፍቻውን ብረት አንስቶ ትከሻቸውን መታቸው። ሊደግማቸው ሲሰነዝር አንዴ ተኮሱ፤ ልጁ እዚያው ሞተ። ያዩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ምሳ ይዘውለት የመጡት እናቱ። ለፖሊስም ሳይሸሽጉ ተናገሩ፦ «ልጄ ብረቱን ይዞ ሄደባቸው። ሸሚዙን ብይዘው ተቀዶ እጄ ላይ ቀረ።»

ይህን ቃል ሳነብ ደስ አለኝ። ልጃቸውን የቀበሩ እናት እንዲህ ሲሉ ደስ የሚለው ፍጥረት ጠበቃ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ክሱ ሁለት ነበር፦ ሰው መግደልና ያለፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ። ለመጀመሪያው ሕጋዊ መከላከል የሚባል መልስ አለኝ፤ ለሁለተኛው ምንም የለኝም። ደንበኛዬን እንቅልፍ የነሳቸው ግን ሁለተኛው ነበር። ደሴ እስር ቤት ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ስለ ሟቹ ሳነሳ ዝም ይላሉ፤ ስለ ሽጉጡ ሳነሳ ይነቃሉ። «ወላሂ ልጄ፣ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሦስት ጉርድ ፎቶ አምጣ አሉኝ፣ ወሰድኩ። ተጠባበቅ አሉኝ፣ ይኸው እየተጠባበቅሁ ነው።»

እኔ ደግሞ ጥንቃቄ አበዛሁ። መከላከሉ ባይሳካ እንኳ ቅጣት የሚያቀልል ወረቀት በእጄ ይኑር ብዬ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እንዲታረቁ የጎተጎትኩት እኔ ነኝ። ወሎ ውስጥ ደም የሚያደርቁ አበጋሮች አሉ፤ በገዳይና በሟች ወገን መካከል ገብተው በቀል የሚያስቀሩ ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱን ለመንኩ፣ የእስር ቤቱን ፈቃድ አስወጣሁ፤ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ። ደንበኛዬ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው «አፉ በሉኝ» ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እናትየው «አፉ ብለናል» አሉ። ዱዓ ሲደረግ እኔም እጄን ዘርግቼ አለቀስኩ፤ የምሬን ነው ያለቀስኩት።

አበጋሩ መሐላውን ሲያስምሉ፣ ከእንግዲህ ማን እንደጀመረው በሰፈርም በገበያም እንዳታነሱ አሉ። ቢሮዬ ገብቼ ስጽፈው ግን ይህ አነጋገር አነሰብኝ። ተራ ቁጥር ሦስት ላይ እንዲህ አሰፈርኩት፦ «ሁለቱም ወገኖች የጠቡን መነሻ ከእንግዲህ በየትኛውም ቦታና ሁኔታ ላያነሱ በአላህ ስም ተስማምተዋል።» ሰፈርና ገበያን ሰርዤ «በየትኛውም ቦታና ሁኔታ» ያልኩት እኔ ነኝ። የተማረ ሰው የጻፈው እንዲመስል።

ሕጋዊ መከላከል ማለት ግን ሌላ ምንም አይደለም፤ እሱ ነው የጀመረው ማለት ነው።

ችሎት ላይ ዐቃቤ ሕጉ፣ ሕገወጥ መሣሪያ የታጠቀ ሰው ስለ ሕጋዊ መከላከል የመናገር አፍ የለውም አለ። ነፍስን ለማዳን ፈቃድ አይጠየቅም፣ ሽጉጡ ራሱን የቻለ ክስ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ዳኞቹም ተቀበሉኝ። ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት የራሴን ድምፅ ወድጄው ነበር።

ከዚያ ደንበኛዬ ተጠየቁ። ስለ ግድያው «አጥፍቻለሁ» ብቻ አሉ። ስለ ሽጉጡ ግን ሦስቱን ጉርድ ፎቶ ከነሸሚዛቸው ቀለም አስረዱ። ተራው የእናትየው ሆነ፤ የመከላከያ ምስክር አድርጌ ጠርቻቸዋለሁ።

«እማማ፣ ብረቱን ማን አነሳው?»

ደንበኛዬን አዩዋቸው። ደንበኛዬ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ፤ አይናገሩ ማለታቸው ነው።

«ታርቀናል እኮ ልጄ። የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም?»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው መመስከር ግዴታቸው መሆኑን ሲነግሯቸው «እንግዲያው ረሳሁት» አሉ። ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ ተራ ቁጥር ሦስትን ረጋ ብሎ አነበበ። ሲነበብ ያምራል።

ፖሊስ ጣቢያ የተሰጠ ቃል ችሎት ካልተደገመ ብዙ አያስኬድም። ደንበኛዬ በሁለቱም ክስ ጥፋተኛ ተባሉ። እርቁ ማቅለያ ሆኖ ቅጣታቸው ተቀነሰ፤ ከግድያው ክስ ነጻ ሊወጡ ይችሉ የነበሩት ሰውዬ ቅጣት ተቀነሰላቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ወረቀትሽ ጠቀመን» ብለው መረቁኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ ነበር።

የይግባኙ ጊዜ ሳያልፍ፣ አንድ ጁምዓ እስር ቤቱ በር ላይ እናትየውን አገኘኋቸው። ከኮምቦልቻ ምሳ ዕቃ ይዘው መጥተዋል።

«እማማ፣ አንድ ቃል ብቻ። እውነቱን ይናገሩላቸው፣ እኚህ ሰው እዚህ ያረጃሉ።»

«እሳቸው ኢንሻአላህ አንድ ቀን ይወጣሉ» አሉኝ። «የኔ አይወጣም። የቀረው ስሙ ነው፤ እሱንም በወረቀት ሰጥተሽኛል። አሁን መልሺ ትይኛለሽ?»

ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ የታራሚው ምን እንደሆኑ ጠየቃቸው።

«ቤተሰብ» አሉ።

ጻፈና አስገባቸው። ቀጥሎ እኔን ጠየቀኝ፤ ጠበቃ አልኩት።

«ዛሬ የቤተሰብ ቀን ነው» አለኝ። «ጠበቃ ሰኞ ነው።»